ለታንኳው ስንት ይድረሰው?

እኩል መካፈል የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያሰበው ሰው፣ እህትም ወንድምም ያልነበረው ሰው መሆን አለበት። ይህን የምለው ደፍሬ አይደለም፤ እኔና ድፍረት ብዙም አንተዋወቅም። ግን አምስት ስድስት ሆናችሁ ከአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጣችሁ የምታውቁ ከሆነ ትረዱኛላችሁ። አንድ ዳቦ ለሁለት ሲቆረስ አንዱ ትልቁ ግማሽ፣ ሌላው ትንሹ ግማሽ ነው። እናቴ «ትልቁን ግማሽ ለወንድምሽ ስጪው» ስትል አንድም ቀን ሂሳብ የተሳሳተች መስሏት አያውቅም። የፋሲካ ዶሮም እንደዚያው ነው። አሥራ ሁለት ብልት መሆኑን ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ግን አንዱ ብልት የዶሮው አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ከተገኘ፣ ያ ሰው በሕይወቱ አንገት ደርሶት የማያውቅ ሰው ነው።

እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ እንግዲህ ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት ይሄዳል። እዚያ «አንድ ሙሉ ነገር እኩል በሆኑ ክፍሎች ሲከፈል እያንዳንዱ ክፍል ክፍልፋይ ይባላል» ብለው ሰሌዳ ላይ ይጽፉለታል። ልጁ ይገለብጣል። አያምንም፣ ግን ይገለብጣል። አለማመኑን በፈተና ወረቀት ላይ የሚጽፍበት ቦታ ስለሌለ ዜሮ ያገኛል። ዜሮ ካገኙት አንዷ እኔ ስለነበርሁ ነገሩን ከውስጡ አውቀዋለሁ።

የስድስተኛ ክፍልን ፈተና ያለፍሁት ለጥቂት ነው። ለጥቂት ስላችሁ ትሕትና እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ጥያቄ ብስት ኖሮ ወድቄ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ግን አልገባሁም። እናቴ ፋብሪካ በፈረቃ ነው የምትሠራው፤ አንዱን ሳምንት ከንጋት፣ አንዱን ሳምንት ከቀትር በኋላ፣ አንዱን ሳምንት ሌሊት። ታናናሾቼን የሚይዝ ሰው ተፈለገ። ቤት ውስጥ ሰው ሲፈለግ የሚገኘው ደግሞ እምቢ ማለት የማይችለው ነው። «ለአንድ ዓመት ብቻ» ተባለ። ይኸው ሁለተኛው ሊያልቅ ነው። አልተቆጣሁም። መቆጣትም ጉልበት ይፈልጋል፤ የእኔን ጉልበት ጠዋት የቦኖ ውሃ ወረፋ፣ ከሰዓት በኋላ የቀበሌ ስኳር ወረፋ እየተቀባበሉ ይጨርሱታል።

የምንኖረው ጣና ዳር፣ ሹም አቦ የሚባል ሰፈር ነው። የሰፈራችን ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ዘነቡ ይባላሉ። ጓድ ዘነቡ እንዳንላቸው በዕድሜ እናቶቻችንን ይበልጣሉ። እትዬ ዘነቡ እንዳንላቸው በስብሰባ ላይ ያስነቅፋል። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ ተስማምቶ ጓድ እትዬ ዘነቡ ይላቸዋል። ጓድ እትዬ ዘነቡ አንድ ቅዳሜ በራችን ላይ ቆመው፣ ልብስ ስዘፈዝፍ አገኙኝና፣

«አንቺ ስድስተኛ ክፍል አልጨረስሽም?» አሉኝ።

«ጨርሻለሁ።»

«ያስተማረሽ ማን ነው?»

የመምህሮቼን ስም ልጠራ ስል «ሕዝቡ ነው!» ብለው ቀደሙኝ። «እንግዲህ አንቺም ሕዝቡን አስተምሪ።»

እሺ አልሁ። ከሰኞ ጀምሮ ሕዝቡ መጣ። አምስት ልጅ ነበር።

አምስቱም አራተኛ ክፍል ናቸው፤ አምስቱም ክፍልፋይ አልገባቸውም። ጓሮአችን ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብረን ጥላሸቱን የቀባነውን የሣጥን ክዳን አስደግፌ አስተምራቸው ጀመር። ላዕል ከላይ፣ ታሕት ከታች፣ በመካከላቸው አንድ ሰረዝ። እስከዚህ ድረስ ማንም አልተቸገረም። መከራው የሚጀምረው ሰረዙ ምን እንደሚያደርግ ሲጠየቅ ነው። ቢቸግረኝ አንድ ቀን ሸንኮራ ገዛሁላቸው። ሸንኮራ በራሱ አንጓ አንጓ ነው፤ ሰው ሳይቆርጠው እግዜር ከፋፍሎት ተፈጥሯል፤ ከዚህ የተሻለ ክፍልፋይ ከየት ይመጣል? ስምንት አንጓ ቆጠርን። «ሁለቱን ብናነሣ ስንት ስንተኛ ነው?» ስል ሁለቱ ተነሡ። ሁለት ስምንተኛ። «ሌላ ሁለት ብንጨምር?» ሌላ ሁለት ተነሣ። ትምህርቱ በጣም ገባቸው። ሲጨርሱ ላዕሉን በልተውት፣ ታሕቱን መሬት ላይ ተፍተውት ነበር።

ከአምስቱ ፈጣኑ ከድር ነው። አባቱ ሱቅ ስላላቸው ሩብ ኪሎና ግማሽ ኪሎ በመዳፉ ይመዝናል። ችግሩ ክፍልፋዩን የሚያውቀው በስኳርና በምስር ብቻ መሆኑ ነው፤ አንድ ሰባተኛ ስትሉት «እንዲህ ያለ ሚዛን የለም» ይላችኋል። ሌሎቹም እንደምንም ይንፏቀቁ ነበር። መምህራቸው ሲሶና እርቦ የሚሉትን ቃላት ከልክለዋቸዋል፤ ሲሶና እርቦ ከባላባቱ ጋር አብረው ተሽረዋል፣ አሁን አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ ነው የሚባለው ብለዋቸዋል አሉ። ሰፍሬ አየሁት። መጠኑ ያው ነው።

አምስተኛዋ ስንዱ ናት። ይህን ሁሉ የማወራችሁ ስለ እሷ ነው።

ስንዱ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ክርኗ ላይ ሁልጊዜ አንድ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፎ የማይጠፋ ልጅ። አባቷ አያ ታከለ ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ደንገል ከሚባለው የሐይቅ ሣር በታሰረ ታንኳ ጣና ይወርዳሉ። ስንዱ አምና አራተኛ ክፍልን ወድቃለች። ዘንድሮ ከወደቀች አያ ታከለ ቁርጡን ነግረዋታል፤ ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ አክስቷ ዘንድ ሄዳ ዓሣ ታጸዳለች። ዓሣ ማጽዳት ነውር የለበትም። ነገር ግን ከሰፈራችን ወደ ቁንዝላ የተላኩ ልጆችን አይቻለሁ፤ ሲመለሱ ለጥየቃ ነው፣ በጀርባቸው ሕፃን አዝለው ነው። ስንዱ ደግሞ መማር ትፈልጋለች። አፏን ሞልታ አልነገረችኝም፤ ግን ከአምስቱ ቀድማ የምትመጣ፣ ዘግይታ የምትሄድ፣ የሣጥኑን ክዳን ሳላዛት የምትወለውል እሷ ናት። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ሌላ መሄጃ እንደሌለው እኔ አላጣውም።

ስንዱን ግን ማስተማር አልቻልሁም። ይህን ስጽፍ እንኳ ይደክመኛል። አንድ ዳቦ ለሦስት ልጆች እኩል ቢከፈል? «አንድ ሦስተኛ» ትላለች። ልክ ነው። አንድ ብርቱካን ለአራት ሰው? «አንድ አራተኛ።» ልክ ነው። ተደስቼ ወደ መጽሐፉ እገባለሁ። አሥራ አምስት ዓሣ ለሦስት ዓሣ አጥማጆች እኩል ቢከፈል ለእያንዳንዱ ስንት ስንተኛ ይደርሰዋል?

«አንድ አምስተኛ።»

«ሦስት ሰዎች ናቸው እኮ ስንዱ።»

«አዎ እታለም። አንድ አምስተኛ። ሦስት ሦስት ዓሣ።»

ዓሣ ጠልታ ይሆናል ብዬ ወደ እርሻ ወሰድኋት። አንድ ክምር ጤፍ ለአራት ገበሬዎች? «አንድ ስድስተኛ።» ልብስ ሰፊ አመጣሁ። በአንድ የስፌት መኪና የሚሠሩ ሁለት ልብስ ሰፊዎች? «አንድ ሦስተኛ።» አንድ ጊዜ ሁለት ትጨምራለች፣ አንድ ጊዜ አንድ ትጨምራለች፣ ዳቦ ላይ ሲሆን ምንም አትጨምርም። መልኩ የማይታወቅ ስሕተት ከሁሉ የከፋ ነው፤ የት ይዛችሁ እንደምታርሙት አታውቁም። ከድር «ስንዱ ቁጥር ታረባለች» እያለ ይስቅባታል። «ለምን እንዲህ አልሽ?» ስላት አንገቷን ትደፋለች። አንገት የደፋ ሰው ሳይ እኔም እደፋለሁ። ሁለት ዓይናፋሮች ሲነጋገሩ የሚያዳምጣቸው መሬቱ ብቻ ነው።

ግንቦት አለቀ። ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ስንዱ አትችልም ብዬ በልቤ ወሰንሁ። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ትንሽ ቀለል አለኝ። ተስፋ መቁረጥ ዕረፍት አለው። ያን የመሰለ ዕረፍት ካገኘሁ ቆይቼ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ልብስ ላጥብ ወደ ሐይቁ ወረድሁ። የአያ ታከለ ታንኳ ገና መድረሱ ነበር። ሦስቱ ሰዎች ጉልበታቸው ድረስ ርሰው፣ የያዙትን ዓሣ ሣሩ ላይ ደልድለው ጨርሰዋል። እኔ ዘወር ብዬ ላልፍ ስል አያ ታከለ አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ የስንዱ አስተማሪ አይደለሽም? ነይ እስቲ፣ ዕጣ ጣይልን።»

ዕጣ የሚጥለው የትኛው ዕጣ የማን እንደሆነ ያላየ ሰው መሆን አለበት፤ ካየ ለወዳጁ ያደላል ይባላል። ፊቴን ወደ ማዶ አዙሬ ቆምሁ። በመዳፌ ላይ ዕጣቸውን አስቀመጡልኝ። አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር እንጨት። እጄን ልዘጋ ስል ሁለት ጨመሩልኝ፤ አንድ የደንገል ቁራጭና አንድ የመረብ ክር። ዞሬ ሣሩን አየሁት። አምስት ክምር። በእያንዳንዱ ሦስት ዓሣ።

ሰዎቹን ቆጠርኋቸው። ሦስት ናቸው። ምናልባት ሁለት ሰው ለሽንት ሄዶ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም።

«ጣይ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ አንደኛው።

ጣልሁ። ቁልፉ፣ ጠጠሩና ስንጥሩ የወደቁባቸውን ሦስቱ ሰዎች አነሡ። ደንገሉ የወደቀበትን ክምርና ክሩ የወደቀበትን ክምር አያ ታከለ ለብቻ በአንድ ቅርጫት ከተው ወደ ጎን አደረጉት። ያኔ ነው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጠየቅ ትልቅ ሰው ያናገርሁት።

«አያ ታከለ፣ ይኼ የማን ነው?»

«የታንኳውና የመረቡ ነዋ።» እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቅ አስተማሪ ልጃቸውን ምን ሊያስተምራት ነው የሚል ሐሳብ በፊታቸው ሲያልፍ አየሁት። «ታንኳው አልሠራም? ደንገል ነው፣ በሁለት ወር ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል። ከድርሻው ካልቆጠብንለት በምን እንለውጠዋለን? መረቡስ ሲቀደድ?»

«እኩል ነው የሚደርሰው?»

«ከማን ያንሳል?» ካሉ በኋላ ቅርጫቱን በቅጠል እየሸፈኑ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወንድሜ ነበር፣ የስንዱ አጎት። አንድ ክረምት የታንኳውን ድርሻ በላ። ልጆቹ ርቧቸው ነው፣ አልፈርድበትም። ለአንድ ክረምት ብቻ ነው አለ። በአሮጌው ታንኳ ገባ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልነገሩኝም። ጓደኛቸው ወደ ውሃው ዞሮ ፊቱን ይታጠብ ጀመር።

ልብሱን እንዴት አጥቤ እንደተመለስሁ እንጃ። አንድ አምስተኛ! ሦስት ሰው፣ አንድ ታንኳ፣ አንድ መረብ። ገበሬዎቹ አራት ናቸው፣ በሬዎቹ ሁለት። ልብስ ሰፊዎቹ ሁለት፣ መኪናዋ አንድ። ዳቦ ሲበላ ግን ሠርቶ የደከመ ዕቃ የለም፤ ስለዚህ በዳቦ ላይ ስንዱ ተሳስታ አታውቅም። ሁለት ወር ሙሉ ልጅቷ ስትሳሳት የነበረው አንድም ጊዜ ሳትሳሳት ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ስሕተት የሌለበትን ሰው እንዴት ታርሙታላችሁ? ፈተናውን የሚያርሙት ደግሞ አያ ታከለ አይደሉም።

ከሰዓት በኋላ ማንጎው ሥር ተቀመጥንና ነገሩን ለማስረዳት ሞከርሁ።

«ስንዱ፣ የመጽሐፉ ዓሣ አጥማጆች ታንኳ የላቸውም።»

«ታዲያ በምን ገቡ እታለም?»

«እንጃ።»

«ዋኝተው ነዋ» አለ ከድር።

«ዝም በል አንተ። ታንኳውን አልጠቀሱትም ማለቴ ነው።»

«የመንግሥት ታንኳ ይሆናል» አለ ከድር ዝም አልልም ብሎ። «የመንግሥት ከሆነ ድርሻ አይጠይቅም።»

ስንዱ አሰበችበት። እሷ ሁሉንም ነገር ታስብበታለች፤ በሽታዋ እሱ ነው። «የመንግሥትስ ቢሆን፣ ደንገል አይደለም? ውሃ አይጠጣም?»

የዚህ መልስ ከጓድ እትዬ ዘነቡም ዘንድ ያለ አይመስለኝም።

«ለፈተናው ብቻ ነው ስንዱ። ለአንድ ቀን አንድ ሦስተኛ ብለሽ ጻፊ፣ ከዚያ ወደ አባትሽ ሂሳብ ትመለሻለሽ።»

«አጎቴም ለአንድ ክረምት ብቻ ብሎ ነበር» አለች።

ከድር እንኳ ቀልዱን ትቶ ደብተሩን ይገልጥ ጀመር። እዚህ ላይ ጥሩ አስተማሪ የሚናገረው ጥሩ ቃል ይኖራል፤ ለእኔ ግን የዚያን ሳምንት እናቴ ሌሊት ፈረቃ ነበረች፣ ታናሽ እህቴ ሦስት ቀን አተኩሷት ነበር፣ እንቅልፍም አልነበረኝም። «እንግዲህ የፈለግሽውን ጻፊ» አልኋት። «አንድ ሦስተኛ ካላልሽ ቁንዝላ ነሽ።»

ስንዱ ደብተሯን ዘጋች። የሣጥኑን ክዳን እንደ ልማዷ ወልውላ፣ ደኅና ዋዪ ብላኝ ሄደች። ያን ማታ ራሴን ጠላሁት፤ ግን እሱንም ብዙ አልቆየሁበትም፣ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ፈተናውን ዝናብ በሚዘንብበት ሐሙስ ተፈተኑ። ሲወጡ ከድርን ብቻ መንገድ ላይ አገኘሁት። ዓሣው መጥቷል አለኝ። አሁን ሃያ አራት ሆኗል፤ ዓሣ አጥማጆቹ ግን ያው ሦስት ናቸው። ስንዱ ምን ጻፈች? «እኔ እንጃላት፣ ወረቀቷን በክንዷ ሸፍና ነበር። ብዙ ቆየች። ጠጠር አውጥታ ዴስኩ ላይ ስትደረድር አይቻታለሁ» አለኝ። ጠጠር ካወጣች ታንኳው ገብቷል ማለት ነው ብዬ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ማንም አልመጣም። ማንጎው ሥር ያለው መሬት ሣር አበቀለ። ውጤት የተሰጠ ቀን ከድር በአጥራችን በኩል እየሮጠ ሲያልፍ «አምስታችንም አልፈናል፣ ስንዱም አልፋለች» ብሎ ጮኸ። እንዴት እንደ ሆንሁ አልገልጽላችሁም። የምፈጨውን በርበሬ ትቼ ቁጭ አልሁ። ሰው ደስ ሲለው ይዘላል ይላሉ፤ እኔ ደስ ሲለኝ እንደምቀመጥ ያን ቀን አወቅሁ።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። አያ ታከለ ናቸው፤ ስንዱ ከኋላቸው አለች። ሊያመሰግኑኝ የመጡ መስሎኝ በርጩማ አቀረብሁ። አልተቀመጡም። እጃቸው ላይ የስንዱ የሂሳብ ፈተና ወረቀት አለ።

አያ ታከለ መሠረተ ትምህርት ገብተው የምስክር ወረቀት የወሰዱ ናቸው፤ ቀስ ብለው ያነባሉ እንጂ የሚያልፋቸው ፊደል የለም። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙረው ጣታቸውን ከቃሉ ሥር እየጎተቱ አነበቡልኝ። «ሃያ... አራት... ዓሣ... ለሦስት... ዓሣ አጥማጆች... እኩል... ቢካፈል።» ቀና አሉ። «ከሥሩ የጻፈችው ይኼ ምንድን ነው? አንድ ከላይ ሆና ሦስት ከታች ያለችው?»

«አንድ ሦስተኛ ነው አያ ታከለ። ሲሶ ማለት ነው።»

«ሲሶ።»

«አዎ። ልክ ነው፣ ቀይ ምልክቱን አያዩትም? መልሳዋለች።»

«ለሦስቱ ሲሶ ሲሶ። ስምንት ስምንት ዓሣ።» ወረቀቱን አጠፉት። «ታንኳውስ?»

በርጩማውን ወደ ጥግ መለስሁት።

«ታንኳውን ባዶውን ሰደዱት፣ መረቡን ባዶውን ሰደዱት፣ መምህሩም ልክ ነው ብሎ ቀይ አደረገበት። እኔ ልጄን ትምህርት ቤት የላክሁት ፊደል ልታውቅ ነው። የታንኳ ድርሻ መብላትማ ሳይማሩም ይቻላል፤ ወንድሜ አልተማረም ነበር።» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከፍ ቢያደርጉት ይሻለኝ ነበር። «ይበቃታል። አክስቷ ጋ ትሂድ። እዚያ ቢያንስ እንዴት እንደሚካፈሉ ታያለች።»

አያችሁልኝ? ብትወድቅ ቁንዝላ፣ ብታልፍ ቁንዝላ። ይህን ነገር ለማምጣት ነው ሁለት ወር የደከምሁት፤ እኔው ነኝ አንድ ሦስተኛ በይ ያልኋት። አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትሁ። «አያ ታከለ፣ የመጽሐፍ ዓሣ...» አልሁና እዚያው ላይ ቀረሁ። የጀመርሁትን ዓረፍተ ነገር ምን ብዬ እንደምጨርሰው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያን ጊዜ ስንዱ ከኋላቸው ወጣች። አንገቷን እንደ ደፋች ናት፤ ግን ተናገረች።

«አባባ፣ ስንት ዓሣ ነው የሚለው?»

«ሃያ አራት። አሁን አንብቤው የለም?»

«የተያዘው አርባ ነበር።»

አያ ታከለ ወረቀቱን እንደገና ዘረጉት። ከላይ እስከ ታች ፈለጉ፤ ገልብጠውም ጀርባውን አዩ። «አርባ የሚል የታለ?»

«አልጻፉትም። እኔ ነኝ አስቀድሜ ያነሣሁት። ስምንቱን ለታንኳው፣ ስምንቱን ለመረቡ። መምህሩ የጠየቁት ከዚያ የተረፈውን ነው። በጠጠር አይቼዋለሁ አባባ። ይመጣል።»

አያ ታከለ ወረቀቱን በብብታቸው ይዘው በጣታቸው አንጓ መቁጠር ጀመሩ። ስምንት ቆጥረው አንድ ጣት አጠፉ። ለአንዱ ጓደኛቸው መሆኑ ነው። ስምንት፤ ሌላ ጣት። ስምንት፤ የራሳቸው። አራተኛው ጣት ላይ ሲደርሱ ቀስ አሉ፤ ለታንኳው ሲቆጥሩ ከሰው ይልቅ ይጠነቀቃሉ። አምስተኛውን አጠፉና የተጨበጠውን እጃቸውን አዩት።

«አርባ» አሉ።

ይህን ያስተማርኋት እኔ ብሆን ኖሮ ያን ጊዜ አንድ ነገር ባልሁ ነበር፤ ግን አላስተማርኋትም። እኔ ያስተማርኋት ታንኳውን እንድትረሳው ነው። እሷ ታንኳውን አብልታ፣ መረቡን አብልታ፣ ከዚያ በኋላ የመጽሐፉን ሰዎች ወደ ማዕድ ጠራቻቸው። እንዲህ ያለውን ሂሳብ አስተማሪ ነኝ ባይ ሁሉ ቢሰበሰብ የሚያመጣው አይመስለኝም። እኔማ በጣቴ ቆጥሬ እስካረጋግጠው አያ ታከለ ወደ በሩ ተራምደው ነበር።

«ታንኳው ከደረሰው እኔ ሌላ ነገር የለኝም» አሉ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው ደረት ኪሳቸው እየከተቱ። «አምስተኛ ክፍል ትግባ።»

ስንዱ በእሳቸው ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ። አልሳቀችም። ሁለታችንም እንዲህ ባለ ሰዓት ምን እንደሚደረግ አናውቅም፤ ስለዚህ አንገታችንን ደፋን።

አያ ታከለ አጥሩ ጋ ደርሰው ቆሙ። አንድ ነገር እየከነከናቸው መሆኑን ከጀርባቸው ማወቅ ይቻላል። ዞሩ።

«አንቺ ልጅ።»

«አቤት።»

«በሰኔ በአንድ ጊዜ አርባ ዓሣ የሚሰጠው ሐይቅ የት ነው ያለው?»

እሱን እንጃ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ አልደረስንበትም።